የተሳቢ ዊንች ኃይል ሲያጣ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጀልባዬን ተሳቢው ላይ የሚስበው የኤሌክትሪክ ዊንች (ገመድ ጠቅላይ ማሽን) አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጭራሽ ድምፅ የለውም? ወይስ እየዞረ ይደክማል? ባትሪው የት ነው ያለው? ይህን ይዘው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ባዶ ገመድ ሲጠቀልል ይፈጥናል፤ ጀልባው ሲታሰርበት ግን ተንቀራፎ ይቆማል። ባትሪው 12.6 ቮልት ነው። ሞተሩ ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ተመስገን፣ መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው መጣ! ነገር ግን 12.6 የሞላ ባትሪ በዕረፍት ላይ የሚያሳየው ነው፤ ሥራ ላይ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ረዳት ይፈልጉና ዊንቹ እየሳበ ሳለ ይለኩ፤ ከተወጠረው ገመድ አቅጣጫ ግን ይራቁ። መጀመሪያ በባትሪው ጫፎች ላይ፦ ከ10.5 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ለዊንቹ አንሷል። ባትሪው 12 አካባቢ ላይ እያለ ሞተሩ ዘንድ 9 ብቻ ከደረሰ ግን ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ያኔ ፖዘቲቩን የኤሌክትሪክ ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥሎም ኔጌቲቩን ይለኩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ያሳየው እሱ ነው ጥፋተኛው።

ባትሪው መኪናው ውስጥ ሆኖ ዊንቹ 6 ሜትር ቢርቅ፣ መሄጃና መመለሻው 12 ሜትር ነው። ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ በዚህ ርዝመት 0.013 ኦም ገደማ አለው፤ 150 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 2 ቮልት ይበላል። ባለ 35 ቢሆን 0.9 ብቻ። ሰው ግን ገመዱን ሳይለካ ሞተር ይፈታል!

ጥያቄ፦ ኃይሉን ከተሳቢው የመብራት ሶኬት ብወስድስ?

መልስ፦ አይሆንም። የዚያ መስመር ፊውዝ ብዙውን ጊዜ ከ30 አምፔር አያልፍም።

ጥያቄ፦ ፊውዙ እየተቃጠለ አስቸገረኝ፤ ተለቅ ያለ ላስገባ?

መልስ፦ አያስገቡ! ፊውዝ የሚጠብቀው የኤሌክትሪክ ገመዱን ነው። ልኩ በገመዱ ውፍረት ይወሰናል፤ ቦታውም ባትሪው አጠገብ ነው።

ጥያቄ፦ ቁልፉን ስጫን ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ አይዞርም።

መልስ፦ ሶሌኖይዱ፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ሞተሩ የሚያገናኘው ማብሪያ፣ ነው የሚጮኸው። ወይ ቮልቱ አንሶታል፣ ወይ መገናኛዎቹ ተቃጥለዋል። ሥራ ላይ ይለኩ ብያለሁ።

አንድ ተሳታፊ፦ ሊቲየም ባትሪ ቢያስገቡ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም።

ሌላ ተሳታፊ፦ የእኔው ሊቲየም ጀልባው ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ድንገት ቆረጠ።

የመጀመሪያው፦ ርካሹን ገዝተህ ይሆናላ።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ከጉዳያችን ወጣችሁ። ባትሪው ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው አምፔር ዊንቹ በሙሉ ጭነት ከሚወስደው ከበለጠ ይሠራል፤ ካነሰ የውስጥ መከላከያው ይቆርጣል። ገመዱ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ሊቲየምም አያድናችሁም።

ጥያቄ፦ ኔጌቲቩን ከተሳቢው ብረት ጋር ባስረውስ?

መልስ፦ በዝገት፣ በቀለምና ቅባት በተቀባ መጎተቻ በኩል 150 አምፔር ሊመልሱ? የራሱን ገመድ ይዘርጉለት።

ጥያቄ፦ ተሳቢው ላይ ለዊንቹ የራሱ ባትሪ ባስቀምጥስ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ወፍራሙ ገመድ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ከመኪናው የሚመጣው መስመር ባትሪውን ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ ዊንቹን አይመግብም። ዊንቹ ሲሠራ ያ መስመር ይለያይ፤ አለበለዚያ ዊንቹ በቀጭኑ ሽቦ ከመኪናው ይስብና ፊውዙን ያቃጥላል። በመሙያው መስመር ላይ ፊውዝ በሁለቱም ጫፍ ይግባ፤ በሁለቱም በኩል ባትሪ አለና።