የኬጂ ወላጆች ሲጠይቁ

ግል ኬጂም፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ኦ-ክፍልም (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል) አስተምሬአለሁ። ወላጆች «እኛስ ምን እናድርግ?» እያሉ የጠየቁኝን እዚህ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሚስ፣ ልጄ በየቀኑ ሁለት ገጽ የቤት ሥራ ይዛ ትመጣለች። ደክሟት ስታለቅስ እኔ እሠራላታለሁ። ጥፋት ነው?

መልስ፦ እኛማ እናውቃለን! አንዱ ልጅ «ሐ»ን እንደ ማተሚያ አሳምሮ መጣ። «ማን ጻፈልህ?» ስለው «አባዬ፤ የእሱ ያምራል» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። ሲደክማት ያስቁሟት። ኮሙኒኬሽን ቡኩ (ከመምህር ጋር መልእክት የምንለዋወጥበት ደብተር) ላይ «ሦስት መስመር ጽፋ ደከማት» ብለው ይፈርሙ። ሥራው እንደበዛ የማውቀው በዚህ ነው። እኔ ራሴ የቤት ሥራ የቀነስኩት አምስት ወላጆች እንዲህ ጽፈውልኝ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። በምን ላግዘው?

መልስ፦ ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። ምስር ሲለቅሙ አጠገብዎ ያስቀምጡት። ያወጡትን ጠጠር ይቁጠርልዎ፤ ትልቁን ከትንሹ ይለይ። ቅልልቦሽ ያውቃሉ አይደል? አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ እሷ ሳትወድቅ ሌላዋን ከመሬት ማንሳት። ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ይሄ ሒሳብ ነው። እርሳስ የሚይዙትም እነዚያው ጣቶች ናቸው። ማታ ደግሞ እንቆቅልህ ይበሉት። «ምን አውቅልህ» ብሎ ሲያስብ፣ ሲያቅተው አገር ሲሰጥዎ፣ ቃል እየሰበሰበ ነው። ክፍል ውስጥ አርባ ልጅ ይዤ ለአንዱ ይህን ያህል ጊዜ ከየት አመጣለሁ?

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ እንዲለምድ ቤትም በእንግሊዝኛ ብቻ ላናግረው?

መልስ፦ ኧረ ተዉ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ የተቆጣበትን፣ የፈራውን የሚነግርዎ በሚችለው ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛው ይደርስበታል።

ጥያቄ፦ ስብሰባ የምንጠራው ክፍያ ሊጨመር ሲል ብቻ ነው። ምን ብለን እንሳተፍ?

መልስ፦ እውነትዎን ነው፣ አልከራከርም። መንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ወመህ (ወላጅ መምህር ህብረት) አለ፤ እዚያ ግን ወሬው ሁሉ አጥርና ዴስክ ነው። እጅ ያውጡና ስለ ትንንሾቹ ይጠይቁ። በአንድ መምህር ስንት ልጅ አለ? ሽንት ቤቱ ለአራት ዓመት ልጅ ልኩ ነው? በ2015 የጸደቀው ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል፤ የእኛስ ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት ክፍል አዘጋጅቷል?

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ስብሰባም ጨዋታም ጊዜ የለኝም።

መልስ፦ ጠዋት በር ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃኛል። «ሌሊት አተኩሶት ነበር»፣ «ታናሽ ተወለደችለት» ይበሉኝና ይሂዱ። አንድ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ አልናገር ብሎኝ ጨዋታም ዘፈንም ሞከርኩ። ዓርብ ዕለት አባቱ ሞተር ሳያጠፋ «አያቱ ገጠር ተመልሳለች፣ አብራው ነበር የምትተኛው» አለኝ። ሰኞ ስለ አያቱ ጠየቅኩት። እስከ ምሳ ድረስ አላቆመም።