ዴቢያን እንዳይንገዳገድ፦ ጥያቄና መልስ

ዴቢያን ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያስኬደውን መሠረታዊ ሶፍትዌር) ለዓመታት ስለተጠቀምኩና ስህተት በማረሙ ሥራም ትንሽ ስለምሳተፍ «ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ የሚሽከረከረው አንድ ነገር ላይ ነው፦ እንዴት ሳይበላሽና ስታክ ሳያደርግ ይሥራ? ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዴቢያንን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው አሉ። ኃላፊነት የሚወስድ ኩባንያ በሌለበት እንዴት እንመነው?

መልስ፦ ኢያን መርዶክ ፕሮጀክቱን ያስተዋወቀው በኦገስት 1993 ነው፤ ባለቤት ኩባንያ ኖሮትም አያውቅም። እኔ የማምነው ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን ወንፊቱን ነው። አዲስ ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም) መጀመሪያ የሚገባው «ሲድ» ወደሚባለው ክፍል ነው። እዚያ እንደ አጣዳፊነቱ አብዛኛውን ጊዜ 2፣ 5 ወይም 10 ቀን ይቆያል። አዲስ ከባድ ስህተት ካልተገኘበትና አውቶማቲክ ፈተናዎቹን ካለፈ ወደ «ቴስቲንግ» ይሻገራል። ካለፈው እትም ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላ ደግሞ የቴስቲንግ በር ይዘጋል። አዲስ ነገር ማስገባት ደረጃ በደረጃ ይቆምና ያለውን ማረም ብቻ ይቀራል። ሲጣራ «ስቴብል» የሚባለው፣ ለሁሉም የሚወጣው እትም ይሆናል። ለ13ኛው እትም፣ ለትሪክሲ፣ በሩ መዘጋት የጀመረው በማርች 2025 ነው። የወጣው ግን ኦገስት 9 ላይ ነው። እነዚያ ወራት አሰልቺ ናቸው። ኮምፒውተርህ ጠዋት ያለ ችግር የሚነሳው ግን በእነሱ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ወንፊቱ የምር ይዞ ያውቃል ወይስ በወረቀት ላይ ብቻ ነው?

መልስ፦ የ2024ቱን የኤክስዜድ ነገር ልንገርህ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የዳታቤዝ ባለሙያ ሲድ ላይ እየሠራ ነበር። በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ሌላው ሰው ቢሆን «ኮኔክሽን ነው» ብሎ ያልፈዋል። እሱ ግን ሥሩን ሲቆፍር ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር (ሰርጎ መግቢያ ቀዳዳ) አገኘ። ማርች 29 ቀን ለሕዝብ አሳወቀ። የተበከለው ፓኬጅ ሲድና ቴስቲንግ ገብቶ ነበር፤ ስቴብል ግን አልደረሰም።

አንዳንዶች ይህን «ሥርዓቱ አዳነን» እያሉ ያወሩታል። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ሥርዓቱ ጊዜ ገዛልን፤ ያዳነን የአንድ ሰው ነገረኝነት ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ስቴብል የሚጠቀም ሰው ተኝቶ ማደር ይችላል ማለት ነው?

መልስ፦ ባክአፕ ካለው። በዲሴምበር 2023 እትም 12.3 ሊወጣ ሲል ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ፣ ኤክስት4 በሚባለው የፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚቀመጡበት ሥርዓት) ላይ ያለ ዳታ ሊያበላሽ የሚችል ስህተት ተገኘ። የመጫኛ ፋይሎቹ ታገዱ፤ በማግስቱ 12.4 በተስተካከለ ከርነል ወጣ። ፍጥነቱ ያስመሰግናል፤ ስህተቱ ግን ስቴብል ውስጥ ነበር።

የባሰም አለ። በ2006 አንድ የዴቢያን ጠጋኝ (ፓኬጅ የሚያዘጋጅና የሚያርም ሰው) ኦፕንኤስኤስኤል ከሚባለው የምስጠራ ሶፍትዌር ውስጥ የማስጠንቀቂያ መልእክት የሚያስነሳ ኮድ ሰረዘ። ጽዳት መስሎት ነው። የተሰረዘው ኮድ ግን የምስጢር ቁልፎች የማይገመቱ እንዲሆኑ የሚያደርገው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚፈጠሩት ቁልፎች በየዓይነታቸው ከ32,768 ያልበለጡ አማራጮች ብቻ ቀሯቸው፤ ኮምፒውተር በቀላሉ ሞክሮ ይጨርሳቸዋል። እስከ ሜይ 2008 ማንም አላወቀም። «ይቺ ትንሽ ማስተካከያ ናት» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ጆሮዬ የሚቆመው ለዚህ ነው።

አንድ ምክር፦ ከርነል አፕዴት ስታደርግ የድሮውን ቶሎ አታጥፋው። አዲሱ እምቢ ካለ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚመጣው ሜኑ ላይ የድሮውን መርጠህ ትገባለህ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው ያለው። ክሮም ላይ ብዙ ታብ ስከፍት ድርቅ ይላል፤ ማውሱ እንኳ አይንቀሳቀስም። ጥገና ቤት «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አታስደርጊው። ፎርማት ራም አይጨምርም። ያንቺ ችግር ስህተት ሳይሆን ጥበት ነው። ራሙ ሲሞላ ከርነሉ ፕሮግራሞቹን እየቆራረጠ ከዲስክ ደጋግሞ ማንበብ ይጀምራል። የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ የሚበራው ያኔ ነው። ሁለት ነገር ጫኚ። አንዱ ዜድራም ነው፤ ራም ውስጥ ያለውን ጨምቆ ቦታ ይሰጣል። ሁለተኛው ኧርሊኦኦኤም ነው፤ ራሙ ሊያልቅ ሲል ብዙ የሚበላውን ፕሮግራም ቀድሞ ይዘጋል። አንድ ታብ ትሠዊያለሽ፤ ኮምፒውተሩ ይተርፋል። ብር ሲገኝ 8 ጊጋ አድርጊው።

ጥያቄ፦ መብራት በሄደ ቁጥር ሲስተሙ ይበላሻል ብዬ እፈራለሁ። ዴስክቶፕ ነው የምጠቀመው።

መልስ፦ ኤክስት4 ጆርናል (የለውጦች መዝገብ) ስላለው የፋይል ሲስተሙ መዋቅር አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያስተካክላል። ሴቭ ያላደረጉት ጽሑፍ ግን ሄዷል። አደገኛው አፕዴት መሐል ላይ ሲጠፋ ነው፤ ፓኬጆቹ በግማሽ ተጭነው ይቀራሉ። አይደንግጡ። ተርሚናል ከፍተው ዲፒኬጂን (ፓኬጅ ጫኙን) በ«ኮንፊገር» አማራጩ (dpkg --configure -a) ያሂዱት፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ትንሽ ዩፒኤስ ብትኖር ደግሞ ቢያንስ የተጀመረው ያልቃል።

ጥያቄ፦ አዲስ ቨርዥን ፈልጌ የኡቡንቱ ፒፒኤ (ለኡቡንቱ ሊኑክስ የተሠራ የውጭ ፓኬጅ ማከማቻ) ጨመርኩ። አሁን አፕት (ፓኬጅ አምጥቶ የሚጭነው ፕሮግራም) ምንም አልጭንም ይላል።

መልስ፦ ይህንን የሌላ ሲስተም ፓኬጅ መቀላቀል በዴቢያን ሰፈር «ፍራንከንዴቢያን» ይሉታል። ፒፒኤውን አውጣው፣ ከእሱ የመጡትን ፓኬጆች በዴቢያኖቹ ተካ። አዲስ ነገር ካማረህ ባክፖርትስ (ለስቴብል የተዘጋጁ አዳዲስ ፓኬጆች) ወይም ፍላትፓክ (ከሲስተሙ ተለይቶ ፕሮግራም መጫኛ) አለልህ።

ጥያቄ፦ ባለ 32 ቢት አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ። ትሪክሲ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ትሪክሲ ለእሱ ከርነልም መጫኛም የለውም። 12 ላይ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ፕሮግራመር አይደለሁም፤ እንግሊዝኛዬም ያን ያህል ነው። እኔ ምን ላግዝ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የነበረው። የስህተት ሪፖርት ጻፍ። ብዙ ሪፖርት «ድምፅ አይሠራም» ብሎ ያበቃል፤ ጠጋኙ በእሱ ምንም ማድረግ አይችልም። ይህን ደግሞ ተመልከት፦ «ላፕቶፑ ከስሊፕ ሲነሳ ድምፅ ይጠፋል። ኢርፎን ሰክቼ ስነቅል ይመለሳል። በከርነል 6.12 ሁልጊዜ ይሆናል፤ በ6.1 ሆኖ አያውቅም።» አራት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛም ይጻፋል። ጠጋኙ ግን ችግሩ የድምፅ ካርዱ መቃጠል እንዳልሆነ፣ በየትኞቹ ከርነሎች መካከል እንደገባና ምን ሲደረግ እንደሚመጣ አውቋል። ግማሹን ሥራ ጨርሰህለታል።

ሪፖርትባግ የሚባለው ፕሮግራም የፓኬጁን ቨርዥንና የሲስተሙን መረጃ ራሱ ይሞላልሃል። ከመላክህ በፊት ግን አንብበው፤ ሪፖርቱ ለዓለም የሚታይ ነው፤ የግል ነገር እንዳይገባበት። ክብደቱንም አታጋን። ክሪቲካል፣ ግሬቭና ሲሪየስ የሚባሉት ሦስቱ ደረጃዎች እትም ሊያስቆሙ ይችላሉ። የዴስክቶፕህ ስዕል ስለጠፋ ክሪቲካል ብትል ሰው ይስቅብሃል። ኮምፒውተርህ በዘፈቀደ ከጠፋ ደግሞ መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ሜምቴስት (የራም መፈተሻ) አስኪደው። የተበላሸ ራም የብዙ ጠጋኞችን ጊዜ በልቷል።

ሌላ የእኛ ድርሻም አለ። አማርኛ እየጻፈ የሚሞክር ሰው ከሌለ የአማርኛ ኪቦርዱ ስህተት ሳይታይ ስቴብል ይገባል። ጠጋኙ ፊደሉን ስለማያነብ «ሰላም» ተብሎ የተጻፈው «ስልም» ሆኖ ቢወጣ አያስተውልም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነ አሁኑኑ ሲድ ልጫን?

መልስ፦ እንጀራህ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አይሆንም። ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ቴስቲንግን ጫን፤ በሩ የሚዘጋበት ጊዜ ሲደርስ በየሳምንቱ አፕዴት እያደረግህ የዘወትር ሥራህን ሞክርበት። ፕሪንት አድርግ፣ ፍላሽ ሰክተህ ንቀል፣ ፕሮጀክተር ላይ አገናኘው፣ ስሊፕ አድርገህ አስነሳው። ያኔ የላክኸው ሪፖርት እትሙ ሳይወጣ የመታረም ዕድል አለው። ከወጣ በኋላ የሚመጣው ግን አነስተኛ ከሆነ ቀጣዩን እትም ሊጠብቅ ይችላል።