ስለ አርክቴክቸርና ከተማ ፕላን ሁለተኛ ዲግሪ፦ ከጎጃም ለደረሱኝ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከተመራቂዎችና ከወላጆች የደረሱኝን ጥያቄዎች በአንድነት ልመልስ። አርክቴክቸር ተምሬ፣ ሁለተኛውን በከተማ ፕላን ሠርቼ፣ ዛሬም ከካርታና ከአቤቱታ ጋር የምውል ሰው ነኝ።

ጋሼ፣ በአርክቴክቸር ተመርቄያለሁ። እዚያው ልቀጥል ወይስ ወደ ከተማ ፕላን ልዙር? (ከቡሬ)

አንድ ቦታ ስትደርስ መጀመሪያ ዓይንህ የሚያርፈው ምን ላይ ነው? ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ብርሃኑ ከሆነ አርክቴክቸርህን አትልቀቅ። የቡሬን የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አይተህ «ሠራተኛው የት ያድራል? ውሃው ከየት ይመጣል? መሬቱን የለቀቀው ገበሬስ?» የምትል ከሆነ ግን የፕላን ሰው ነህ። ፕላን ውስጥ ሥዕሉ ጥቂት ነው፤ አዋጁ፣ ቆጠራውና ስብሰባው ይበዛል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ን ቁጭ ብለህ አንብበው። ከሦስተኛው ገጽ በፊት እንቅልፍ ከወሰደህ መልስህን አግኝተሃል።

አገር ውስጥ የት ይሻለኛል? (ከዳንግላ)

በልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢንስቲትዩት፣ እኛ እስከ ዛሬ «ሕንፃ ኮሌጅ» የምንለው፣ ቀዳሚው ነው። በ1947 ዓ.ም. ከስዊድን ጋር በመተባበር የተጀመረ በመሆኑ የቆየ ልምድ አለው። የከተማ ዲዛይን፣ የቤቶች ልማትና የቅርስ ጥበቃ ዘርፎችን እዚያ ታገኛለህ። መንግሥት ቤት የምትሠራ ከሆነ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲንም ተመልከት። የትም ብትሄድ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ምዝገባውን ለመጨረሻው ቀን አትተወው፤ ኔትወርካችንን ታውቀዋለህ።

ሒሳብ አልችልም፤ ፕላን ይከብደኛል? (ከመርዓዊ)

መቶኛ ማስላት ከቻልሽ ቀሪውን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። መጻፍ ካልቻልሽ ግን አሁኑኑ ጀምሪ።

ፖርትፎሊዮዬ (የሥራዎቼ ማሳያ ጥራዝ) ውስጥ ምን ላስገባ? (ከደብረ ማርቆስ)

ከሁሉ የወደድሁት ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ልጆች የሚያሳዩኝ አንድ ዓይነት ነው፦ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያብረቀርቅ የመስታወት ፎቅ፣ ከፊቱ የማናውቃቸው ፈረንጆች ቆመው። ያንን ኮምፒውተሩ ሠራው እንጂ አንተ አልሠራኸውም።

እኔም ከመስታወት ፎቄ ጋር ያስገባሁት እዚያው ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ አሮጌ ባለ ፎቅ የጭቃ ቤት ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ሜትር ይዘን ስንሄድ የቤቱ እመቤት በሩን ይዘው «ልታፈርሱት ነው?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ በአገራችን ሜትር የያዘ ሰው ለደግ አይመጣም። አስረድተን፣ ቡና ጠጥተን ነው ልኬት የጀመርነው። የምድር ቤቱ ግድግዳ አንድ ክንድ ከስንዝር፣ የላይኛው ግን አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ደረጃው ከውጭ ነው። ለምን ስንል፣ ታች ሱቅና የእህል ማስቀመጫ ስለነበር ገበያተኛው ከቤተሰቡ ጋር እንዳይጋጭ ነው አሉን። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ እንዴት እንደሚቦካ፣ ክረምት የበላው ምርጊት መስከረም ላይ እንዴት እንደሚጠገን በእጃቸው እያሳዩ ነገሩን። ይህን ሁሉ በእርሳስ በአራት ወረቀት አሰፈርሁት። ለሁለተኛው ዲግሪ የመግቢያ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ መስታወት ፎቄ ማንም አልጠየቀኝም፤ ግማሽ ሰዓት ያወራነው ስለዚያች ደረጃ ነበር።

ልጄ አምስት ዓመት ተምሮ ጨርሷል። ደግሞ ሁለት ዓመት? ሠርቶ የሚበላው መቼ ነው? (አንዲት እናት፣ ከፍኖተ ሰላም)

እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ቤት ለመንደፍ የመጀመሪያው ዲግሪና የሥራ ልምድ ይበቃዋል። እንዲያውም መጀመሪያ ይሥራ ባይ ነኝ። ሕንፃ ሲቆም ያላየ ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚጠይቀው የለውም። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳአድ (DAAD) ለታዳጊ አገሮች በሚሰጠው የልማት ነክ ትምህርት ስኮላርሺፕ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ዲግሪውን ብዙ ዓመት ካስቆየው እሱም ዕድሉን ያጠብበታል፤ ስለዚህ ይሥራ፣ አይርሳው።

ውጭ አገርስ? (ከእንጅባራ)

ለፕላን የጀርመኑን ዶርትሙንድ ዩኒቨርሲቲና በኔዘርላንድ ኤንስኼዴ ከተማ ያለውን የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ (ITC) ተመልከቺ፤ የመጀመሪያው በታዳጊ አገሮች የአካባቢ ፕላን፣ ሁለተኛው በካርታና በሳተላይት መረጃ ይታወቃሉ። ማመልከቻ ደብዳቤሽን «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብለሽ አትጀምሪ።

የመመረቂያ ጽሑፌን በባሕር ዳር ማስተር ፕላን ላይ ልሥራ? (ከባሕር ዳር)

ርዕሱ ጥሩ ነው፤ ስፋቱ ግን ያሰምጥሃል። ጀርመኖቹ በ1950ዎቹ መጨረሻ የነደፉትን ከተማ በሙሉ አትያዝ። ከጣና ዳር አንድ መንገድ ምረጥ። በፕላኑ ላይ ስፋቱ ስንት እንደነበር፣ ዛሬ ስንት እንደቀረ ለካ፤ በመካከሉ አጥሩን ወደ ሐይቁ የገፋው ማን እንደሆነ ከሰነድ አጣራ። ለሁለት ዓመት ይበቃሃል።