ጅቡ ለፋሲካ ለምን መጣ?

የአንባቢያን ጥያቄ ለእንስሳት ሐኪሟ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ እንጦጦ ደን ግርጌ ነው። ፋሲካን የባለቤቴ እህቶች ከነልጆቻቸው እኛ ጋ መጥተው ነው የምናከብረው። ዘንድሮ ሁለት በግ ታረደ። በጎቹ ተገፈው ሳያልቁ ጭላት ወርዶ ከትሪ ላይ ሥጋ ሞጨለፈ። ትሪውን የያዘችውን ልጅ እጇን ቧጠጣት። ከሰዓት በኋላ ጦጣ በኩሽና መስኮት ገብታ ድፎ ዳቦውን ይዛ ጣሪያ ላይ ወጣች። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ሙዝ እየወረወሩላት ዋሉ። ማታ ግን ሳቁ ቀረ። ሆድ ዕቃውንና ቆዳውን ከአጥር ውጭ ቦዩ ጋ ጥለነው ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ጅቦች መጥተው ሲጣሉበት አመሹ። አማቴ “ቡዳ ነው፣ ዝም በሉ” አሉን። ጎረቤታችን “ለሚቀጥለው በዓል ሥጋ ላይ መርዝ አድርጌ እገላግላችኋለሁ” አለ። ትልቁ ልጄ ደግሞ “እንደ ሐረር አጥንት እንስጣቸው” እያለ ይነዘንዘኛል። የማንን ልስማ?

ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የማንንም አትስሚ፣ እህቴ። የጎረቤትሽን ደግሞ በተለይ።

ከመርዙ ልጀምር። የተመረዘ ሥጋ ጅብ ብቻ ገድሎ አይቆምም። ጠዋት ጥንብ አንሳው ይወርድበታል፣ ቁራው ይከተላል፣ የሰፈሩ ውሻም ይደርሳል። ቄራ አካባቢ ጣሪያ ላይ ኩርምት ብላ የምትታየውን፣ ፊቷ ቀላ ያለውን ትንሿን ጥንብ አንሳ ታውቂያታለሽ? ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ገብታለች። ለዚህ ካበቋት ነገሮች አንዱ የተመረዘ ሥጋ ነው። ልጆች በሚሯሯጡበት ሰፈር መርዝ መበተን ምን እንደሚያመጣማ አንቺም አታጪውም። ጎረቤትሽን አደብ ግዛ በዪልኝ።

አሁን ወደ ጅቡ። ትግራይ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት 2012 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከጾሙ በኋላ የጅብ ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ፣ ውስጡ ያለውን ጸጉር ለዩት። ከጾሙ በፊት የአህያ ጸጉር ከመቶ 15 ያህል ነበር። በ55ቱ የጾም ቀናት ወደ 33 ገደማ ወጣ። ሰው ጾሞ እርድ ሲቀንስ የሚጣል አጥንትና ሆድ ዕቃም ይቀንሳል፤ ጅቡም ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ቤት በአንድ ሌሊት ያርዳል። አንዱ ቅርጫ፣ ሌላው በግ። ያን ሁሉ ሽታ ይዞ ነፋሱ ወደ እንጦጦ ሲነፍስ ጅቡ ምን ያድርግ? የጠራችሁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ዋናው ነገር ሆድ ዕቃው የት እንደሚደርስ ነው። ከአጥር ውጭ መጣል እኔን በጣም ያናድደኛል። አንቺ የግንብ አጥርና የብረት በር አለሽ። ቦዩ ዳር ላስቲክ ወጥሮ የሚያድረው ሰውስ? ጅብ ሜዳ ላይ የተኛ ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ እንደሚያጠቃ የታወቀ ነው። አንቺ ቆሻሻ ጣልኩ ብለሽ በርሽን ስትዘጊ፣ ጅቡን እሱ አጠገብ ነው ያስቀመጥሽው።

ግቢሽ ቦታ ካለው ከእርዱ በፊት እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ አስቆፍሪ። ደሙም ሆድ ዕቃውም እዚያ ይግባ። ላዩ ላይ አመድ ወይ ኖራ ነስንሱበት፣ አፈር መልሱበት፣ ከላይ ትልልቅ ድንጋይ ጫኑበት። ድንጋዩ ከሌለ ውሻም ጅብም ይቆፍረዋል። ቦታ ከሌለሽ በወፍራም ላስቲክ ቋጥረሽ ክዳኑ በሚጠብቅ በርሜል ውስጥ አሳድሪው። ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ልጆች ከዋዜማው አነጋግሪያቸው፤ በዓል ላይ ይዘገያሉ፣ እነሱም ሰው ናቸው። ፈርሱን ለብቻው ብትቀብሪው ለጎመን መደብ አንደኛ ማዳበሪያ ይወጣዋል።

የቆዳው ነገር ያሳዝናል። ድሮ በጉ ሳይገፈፍ ቆዳ ገዢው በር ላይ ይጣራ ነበር። ዋጋው ወርዶ ወርዶ አሁን በበዓል ማግስት መንገድ ላይ ተጥሎ ታዪዋለሽ። ወዲያው ጨው ነስንሰሽ አጥፈሽ ጥላ ውስጥ ብታስቀምጪው ግን አይሸትም፤ የሚወስደው ሰው ለመፈለግም ጊዜ ታገኛለሽ።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፤ ሥጋ ምርመራ ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ አልፌው መሄድ አልችልም። የበጉ ጉበት ወይ ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ እንዳትሰጡ። ውስጡ የኮሶ ዘር አለ። ውሻው ጥሬውን ከበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ውሻውን ሲደባብስ የዋለ ልጅ በእጁ ወደ አፉ ይወስደዋል። ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት የልጁ ጉበት ላይ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሳንባና ጉበት ከጉድጓዱ ሥር ይቀበር። ውሻችሁም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ ይውሰድ።

ልጅሽ ስለ ሐረር ያለው እውነት ነው። እዚያ ጅብ የሚያበሉት ሰዎች ቦታቸውም ሰዓታቸውም የታወቀ ነው። በአሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፤ ከአበላሉ የዓመቱን ገድ የሚያዩ አሉ። ከተማው ከጅቡ ጋር ተላምዶ የኖረበት ሥርዓት ነው። እናንተ ቤት ግን አጥንት የሚወረውረው ልጅ ነው፣ የሚወረወርበትም ልጆች ነገ የሚጫወቱበት ግቢ። ሐረር ወስደሽ አሳዪው፤ ይህን ያህል ፍላጎት ያለው ልጅ ነገ የሙያ ባልደረባዬ ሊሆን ይችላል።

አማትሽን በአክብሮት ነው የምቃወማቸው። የቡዳው ወሬ ልጆች ፊት ባይነሳ ደስ ይለኛል። በዚህ ስም ስንት ሸማኔ፣ ስንት ሸክላ ሠሪ፣ ስንት ቀጥቃጭ ተገልሎ ኖሯል። ሽሮ ሜዳ፣ የሸማኔ ሰፈር ተቀምጦ ደግሞ!

ጭላቱ ቀላል ነው። እርዱ የሚካሄድበት ቦታ ላይ ሸራ ወጥሩ። እየተወረወረ ነጥቆ የሚያልፍ ወፍ ስለሆነ ከላይ ክፍት ቦታ ካጣ አይሞክርም። ትሪው ሳይከደን ከሸራው ሥር አይውጣ። ፋሲካ ላይ የሚያስቸግሯችሁ አብዛኞቹ መንቁራቸው ቢጫ የሆነው፣ እዚሁ አፍሪካ የሚራቡት ናቸው። ገና ላይ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡም ስለሚጨመሩ ያኔ ይብሳል። የተቧጠጠችው ልጅ እጅ ካልዳነ ሐኪም ይየው።

ጦጣዋን ሙዝ ያበሏት ልጆች በሚቀጥለው በዓል ከእጃቸው ትነጥቃቸዋለች። እምቢ ካሏት ትነክሳለች። መስኮቱን የሽቦ ወንፊት አስገቡለት። ፊት ለፊት ከተገጣጠማችሁ ዓይኗን አፍጥጣችሁ አትዩ፣ ጥርስም አታሳዩ፤ ለእሷ ጠብ ነው። ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሩብ ሰዓት አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለፋሲካ ጓሮ ጠብሰን አጥንቱን ቆሻሻ በርሜሉ ውስጥ ከተትነው። ሌሊት ራኩን የሚባለው የዱር እንስሳ ገልብጦ በተነው፤ ትንሹ ልጄ ድመት መስሎት ሊይዘው ነበር። አጋዘኖቹ ደግሞ ጎመኔን ልጠው በሉት። ጤና አዳሙን ግን አልነኩትም። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ራኩን ጣቱ እንደ ሰው ስለሚሠራ ተራ ክዳን አያቆመውም። አጥንቱን በላስቲክ ቋጥረህ ፍሪዘር ውስጥ አቆየው፤ ቆሻሻ መኪና በሚመጣበት ጠዋት አውጣው። ልጅህን ግን አጥብቀህ ምከር። በምሥራቅ አሜሪካ የእብድ ውሻ በሽታን በዋናነት ከሚይዙት የዱር እንስሳት አንዱ ራኩን ነው። ጤና አዳሙን የተዉት ከጠረኑ የተነሳ ነው፤ አጋዘን ኃይለኛ ጠረን ያለውን ተክል አይወድም። ለጎመኑ ከፍ ያለ አጥር ወይ መረብ ያስፈልግሃል።