መልስ፦ ያለ መሣሪያ ኬክ ለማስዋብ

እህቴ፣ ለነገው የልጅሽ ልደት የምትጋግሪውን ኬክ ያለ ልዩ መሣሪያ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዴት እንደምታስውቢው ጠይቀሻል። እኔ የምመርጥልሽ ዳንቴል ነው። ታጥቦ በደንብ የደረቀ፣ ክፍተቱ ሰፋ ያለ ዳንቴል ኬኩ ላይ ዘርጊና እንደ ዱቄት የላመ ስኳር በሻይ ማጥለያ ንፊበት። ከዚያ ሌላ ሰው አንዱን ጫፍ ይያዝልሽ፤ ሁለታችሁም ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡት። ወደ ጎን ከተጎተተ ጥለቱ ይበላሻል። በቸኮሌት ኬክ ላይ ነጩ አበባ ፍንትው ብሎ ሲወጣ እንዴት እንደሚያምር! ስኳሩ እርጥበት ስለሚስብና ስለሚጠፋ ግን ይህን የምትሠሪው እንግዶች ሊገቡ ሲሉ ነው።

ስሟን መጻፍ ከፈለግሽ፣ 100 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ ከ200 ግራም የላመ ስኳርና ከአንድ ማንኪያ ወተት ጋር ነጣ እስኪል ድረስ ምቺ። ንጹሕና ወፈር ያለ የምግብ ፌስታል ውስጥ ጨምረሽ ጫፉን በመቀስ በጥቂቱ ቁረጪው፤ በዚያ እየጨመቅሽ ትጽፊያለሽ። መጀመሪያ ሳህን ላይ ተለማመጂ።

አደራሽን፣ ኬኩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ክሬም አታስነኪው። ለብ ያለ ብቻ ቢሆንም ቅቤው ይቀልጥና ይንሸራተታል። እኔ በችኮላ ያበላሸሁት የልጄ ኬክ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ ጋግረሽ አሳድሪው።

ፍራፍሬም ይሆናል፤ ሙዝ ከሆነ እንዳይጠቁር ሎሚ ቀቢው።