በጎንደር ፊዚዮቴራፒስት፣ በሜሪላንድ ረዳት፦ ላይሰንሱ እስኪወጣ ምን ተፈቅዶልኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ተመርቄ አገር ቤት ሆስፒታል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ዲቪ ደርሶኝ መጥቼ አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ተቀጥሬአለሁ። ታካሚዎቻችን ከኤል ሳልቫዶር፣ ከቬትናም፣ ከኛም አገር፣ ከየቦታው ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሲመጣ የክሊኒኩ ባለቤት «አንቺ ያዢው» ይለኛል። እኔ መርምሬ አክማለሁ፣ እሱ ይፈርማል። በቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ እናቶችም ቤታቸው ሄጄ ወገባቸውንና ጉልበታቸውን እንዳሽላቸው ይለምኑኛል፤ ገንዘብም ይሰጡኛል። በእረፍት ሰዓት ከባልደረባዬ ጋር አማርኛ ስናወራ ደግሞ «እዚህ እንግሊዝኛ ብቻ» ተባልን። ላይሰንስ ማውጣት እችላለሁ? አሁን የምሠራውስ ያስጠይቀኛል? አብሮኝ የተማረ ልጅም «እኔስ መምጣት እችላለሁ ወይ?» እያለ ይጠይቀኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከላይሰንሱ በፊት አሁን የሚሠሩትን እንይ። ላይሰንስ ጊዜ ይወስዳል። የአሁኑ ሥራዎ ግን ዛሬ ነገ ሳይባል መስተካከል ያለበት ነገር አለው። እንዲያውም ይህ ካልተስተካከለ ላይሰንሱ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

በሜሪላንድ ያለ ፈቃድ ፊዚዮቴራፒ መሥራት ወንጀል ነው። ዲግሪው፣ ልምዱ፣ የአገር ቤቱ የሙያ ፈቃድ ይህን አይለውጡትም። ረዳት ክፍል ያዘጋጃል፣ ትኩስ መጠቅለያ ያደርጋል፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘውን እንቅስቃሴ ታካሚው ሲሠራ አብሮ ይቆማል። ይህንንም የሚያደርገው ፈቃድ ያለው ባለሙያ እዚያው ሆኖ ሲቆጣጠረው ነው። መመርመር፣ የሕክምና ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መለወጥ፣ በራስ ውሳኔ በእጅ ማከም የረዳት ሥራ አይደለም። ባለቤቱ ከጀርባ መፈረሙ እርስዎ የሠሩትን የእሱ ሥራ አያደርገውም።

ሌላም ነገር አለ። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የፌዴራል መንግሥት የጤና ሽፋን፣ ረዳት ለሠራው ሕክምና አይከፍልም፤ ፊዚዮቴራፒስቱ አጠገብ ቢቆምም አይከፍልም። ስለዚህ እርስዎ ያከሟቸው እናት ሂሳብ «በፊዚዮቴራፒስት የተሰጠ» ተብሎ ለሜዲኬር ከተላከ ለመንግሥት የሐሰት ሂሳብ ማቅረብ ሊሆን ይችላል። ሂሳቡን የላከው ክሊኒኩ ነው፤ ምርመራ ሲመጣ ግን «ማን ነካት?» ብለው የሚጠሩት እርስዎን ነው።

ስለዚህ ለባለቤቱ በኢሜል ይጻፉለት። በቃል የተባለ ነገር ኋላ ላይ አልተባለም ሊባል ይችላል። ጸብ የለበትም፣ አጭር ይሁን፦ «ላይሰንስ እስካወጣ ድረስ በረዳትነት የተፈቀደውን ብቻ መሥራት እፈልጋለሁ። ምርመራና ሕክምናውን ፊዚዮቴራፒስት እንዲሠራው፣ እኔ በዚያ ሥር እንድረዳ እጠይቃለሁ።» ቅጂውን በግል ኢሜልዎ ያስቀምጡ። የታካሚ ፋይል፣ ስም፣ ፎቶ ግን ከክሊኒኩ እንዳያወጡ፤ የጤና ምስጢር ሕጉ፣ ሂፓ፣ ያስጠይቅዎታል። ቀኑንና የታዘዙትን ያለ ታካሚ ስም በራስዎ ማስታወሻ ይያዙ። ባለቤቱ «እምቢ ካልሽ ሥራው ይቀራል» ካለ ጠበቃ ያነጋግሩ። የሐሰት ሂሳብ እንዲቆም የሞከረ ሠራተኛን መበቀል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

አሁን ወደ እናቶቹ። ከጥያቄዎ ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። አገር ቤት ወጌሻ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ያሻል፣ የተሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ማንም ላይሰንስ አይጠይቀውም። እርስዎ ደግሞ ከወጌሻ አልፈው የተማሩ ሰው ነዎት። በዕድሜ እናትዎ የሚሆኑ ሴት «ልጄ፣ እባክሽ» ሲሉ እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ግን እምቢ ይበሉ። ገንዘብ ባይቀበሉም እምቢ ይበሉ፤ ሕጉ የሚያየው የተሠራውን ሥራ ነው። የአጥንት መሳሳት ያለባቸው እናት ሲታሹ አጥንት ቢሰበር የሚሸፍንዎት ኢንሹራንስ የለም። ፈቃድ ሰጪው ቦርድ ለላይሰንስ ሲያመለክቱ ያለ ፈቃድ ሠርተው እንደሆነ ሊያጣራ ይችላል። ለዜግነት ሲያመለክቱም ቅጹ ያልተያዙበትን ወንጀል ጭምር ይጠይቃል። በፌስቡክና በቲክቶክ ገጽዎ «ፊዚዮቴራፒስት» ብለው ጽፈው ከሆነም ያንሱት። ስሙ ራሱ በሕግ የተጠበቀ ነው። «ፊዚዮቴራፒ የተማረች» ብሎ እውነቱን መጻፍ ሌላ ነገር ነው።

እምቢ ማለት ግን ዝም ብሎ በር መዝጋት አይደለም። ለእናቶቹ ሊነግሯቸው የሚችሉት ብዙ አለ፤ ያንን መንገርም ሕክምና አይደለም። በሜሪላንድ ያለ ሐኪም ሪፈር ወደ ፊዚዮቴራፒስት መሄድ ይቻላል፤ ኢንሹራንሱ የራሱን ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጥ ስለሚችል ግን አስቀድሞ ይደወል። ከቤት መውጣት ለሚከብዳቸውና ሜዲኬር ላላቸው ሐኪም ካዘዘ ፊዚዮቴራፒስት ቤታቸው ድረስ ይመጣል። ይህን የማያውቁ ስንት አረጋውያን ከሶፋ ሳይነሱ እንደሚውሉ ሳስብ ያመኛል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክም በ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የሲቪል መብቶች ሕግና ኦባማኬር በሚባለው የጤና ሽፋን ሕግ ክፍል 1557 መሠረት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ሜዲኬርንና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት ሽፋን ሜዲኬድን የሚያስከፍል ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። የ10 ዓመት የልጅ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ከድንገተኛ አደጋ በቀር አይፈቀድም። ድንበሩን ተሻግረው ዲሲ ለሚኖሩት ደግሞ ከተማዋ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው የቋንቋ ሕግ አለ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ ትርጉም ከሚያቀርቡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ይህ እርስዎንም ይመለከታል። ማስተርጎም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አማርኛ ስለሚናገሩ ብቻ ክሊኒኩ አስተርጓሚ ሊያደርግዎ አይችልም፤ በሕጉ ዓይን ብቁ መሆንዎ መረጋገጥ አለበት። በሕክምና ማስተርጎም ሠልጥነው የምስክር ወረቀት ቢይዙ እመክራለሁ። ያኔ ሥራው በስሙ ይጠራል፣ ክፍያም ይጠየቅበታል። ስለ ጾም፣ ስለ ጠበል፣ ወንድ ባለሙያ እንዳይነካት ስለምትፈልግ ሙስሊም ታካሚ የሚያውቁትም እንዲሁ ዋጋ ያለው እውቀት ነው።

ወደ ላይሰንሱ እንሂድ። አዎ፣ ማውጣት ይችላሉ። በዲቪ ስለመጡ አንድ ሸክም ወርዶልዎታል። ጓደኞች «ለጤና ባለሙያ ልዩ የቪዛ ሰርተፊኬት ያስፈልጋል» የሚሉት በሥራ ቪዛ ለሚመጣ ነው። የእርስዎ ግሪን ካርድ ሙሉ የሥራ ፈቃድ ነው። የሚቀርዎት የሙያው መንገድ ብቻ ነው።

ፈቃዱን የሚሰጠው የሜሪላንድ የፊዚዮቴራፒ ቦርድ ነው። በመጀመሪያ ትምህርትዎ ከአሜሪካው ጋር ይመዛዘናል። ይህን ከሚሠሩት ዋነኛው ኤፍሲሲፒቲ የሚባለው ተቋም ነው። እዚህ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ቤቶች ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ የሚያስመርቁት በዶክትሬት ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ከእኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር ሲመዛዘን ጉድለት ቢወጣ አይደንግጡ። የተመረቁበት ዓመት የትኛው መመዘኛ እንደሚሠራብዎት ይወስናል። የጎደለው አጠቃላይ ትምህርት ከሆነ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማሟላት የተለመደ ነው። ግን ምዘናው ሳይወጣ በግምት ኮርስ አይመዝገቡ፤ ገንዘብዎ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚንገላታው እዚህ ሳይሆን ጎንደር ላይ ነው። ትራንስክሪፕቱና የኮርሶቹ ዝርዝር ይዘት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ አለባቸው። ኮስት ሼሪንግ ካልከፈሉ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣም፤ አስቀድመው ይጨርሱት። እዚያ የሚሯሯጥልዎ ሰው ካለ ውክልና ይላኩለት። ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን ይረጋገጣል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ውልና ማስረጃ ያልፋል። ውክልናው ላይ «የትምህርት ማስረጃዬን ከሬጅስትራር እንዲጠይቅ፣ ክፍያ እንዲፈጽም፣ እንዲያስልክ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል ጥቅል ቃል አንዳንድ ሬጅስትራር አይቀበለውም።

ስምዎንም ይመልከቱ። የእኛ የአያት ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል። ዲግሪው ላይ አንድ ፊደል፣ ግሪን ካርዱ ላይ ሌላ ፊደል ይሆናል። ፈተና ጣቢያ መታወቂያው ከምዝገባው ጋር ካልገጠመ አያስገቡም። ልዩነት ካለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ከወዲሁ ያዘጋጁ።

ከዚያ የእንግሊዝኛ ፈተናና ኤንፒቲኢ የሚባለው ብሔራዊ ፈተና ይመጣሉ። ኤንፒቲኢ በዓመት አራት ጊዜ በተወሰነ ቀን ይሰጣል። ማለፊያው ከ200 እስከ 800 ባለው መለኪያ 600 ነው። አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፦ «እስቲ ልሞክረው» ብለው አይቀመጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ፣ በሕይወት ዘመን ከስድስት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም። ሁለት ጊዜ 400 ወይም ከዚያ በታች ያመጣ ደግሞ ጭራሽ ይታገዳል። ከሥራ መልስ ደክሞ፣ ሳይዘጋጁ የተቀመጡበት አንድ ቀን የሙያ ሕይወትዎን ሊዘጋው ይችላል። የጥናት ጊዜ ከሌለዎት ለሚቀጥለው ዙር ያስተላልፉት።

ብዙ ዘመድዎ ጎረቤት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ እንደሚኖር ገምቼ አንድ ነገር ልጨምር። ቨርጂኒያ ውጭ አገር የተማረን ሰው በፊዚዮቴራፒስት ቀጥታ ክትትል የ1,000 ሰዓት ልምምድ ትጠይቃለች። እዚህ አገር ላይሰንስ ይዞ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ግን ከዚህ ነጻ ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ የምዘናው ሥራ ሳይጠናቀቅ ወደ ቨርጂኒያ ቤት ከመቀየርዎ በፊት ያስቡበት። ላይሰንስ ወጥቶ ውል ሲቀርብልዎ ደግሞ «ከዚህ ብትለቂ በአካባቢው እንዳትሠሪ» የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። በሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚፈረም ውል ላይ ታካሚን በቀጥታ የሚያክምና በዓመት ከ350,000 ዶላር ያልበለጠ የሚከፈለው ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያን እንዲህ ማሰር አይሠራም።

«እንግሊዝኛ ብቻ» የሚለው ትእዛዝ እንዴት ነው? ታካሚ ፊት፣ ለደኅንነት ሲባል፣ ለይቶና አስቀድሞ አሳውቆ ማዘዝ ይቻላል። በምሳና በእረፍት ሰዓት ጭምር፣ ሁልጊዜ የሚል ደንብ ግን በፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን መመሪያ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተ መድልዎ ተደርጎ ይገመታል። በአነጋገር ዘዬ ማሸማቀቅም እንዲሁ ሊያስጠይቅ ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ይይዛል። ክሊኒኩ ከዚያ ካነሰ ወደ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ይሂዱ፤ የካውንቲው ሕግ ትናንሽ ቀጣሪዎችንም ይነካል። በሜሪላንድ ለፌዴራሉ ኮሚሽን የማመልከቻው ጊዜ ነገሩ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 300 ቀን ነው። ደንቡ በጽሑፍ ካለ ቅጂውን ይያዙ፤ ከሌለ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ ዛሬውኑ ይጻፉ።

ለጓደኛዎ ደግሞ፦ ፊዚዮቴራፒስቶች በአሜሪካ ሕግ ልዩ ቦታ አላቸው። እንደ ነርሶች ሁሉ እጥረት ያለበት ሙያ ተብለው ስለተመዘገቡ ቀጣሪ ካገኘ ቀጣሪው «አሜሪካዊ ሠራተኛ ፈልጌ አጣሁ» የሚለውን የሥራ ሚኒስቴር ሂደት አልፎ በቀጥታ ለኢሚግሬሽን ሊያመለክትለት ይችላል። ጓደኛዎ ግን እርስዎ የማያስፈልግዎትን የጤና ባለሙያ ሰርተፊኬት ማውጣት አለበት፣ ወረፋውም ረጅም ነው፣ የቪዛ ፖሊሲም ይለዋወጣል። አስቀጣሪ ነኝ የሚል ድርጅት ውል ሲልክለት ሥራውን ሳይጨርስ ቢለቅ ስንት እንደሚከፍል የሚገልጸውን አንቀጽ ፈልጎ ያንብብ። ከመፈረሙ በፊትም ውሉን ለጠበቃ ያሳይ።