ሰላጣው በሎሚ ስለታሸ ንጹሕ ነው?

ጾም ሲገባ የሰላጣ ጥያቄ ይበዛብኛል። የዚህን ሳምንት ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ሰላጣን አቼቶ ባለው ውሃ እዘፈዝፋለሁ። የወስፋቱን እንቁላል ይገድለዋል?

መልስ፦ አይገድለውም። አቼቶና ሎሚ ባክቴሪያን በመጠኑ ይቀንሳሉ። የወስፋት እንቁላል ግን ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ በረኪና እንኳ አይበግረውም። በደንብ ማብሰል ይገድለዋል፤ የተቀቀለ ሰላጣ ደግሞ ማን ይበላል! ስለዚህ ያለን አማራጭ ማራገፍ ነው። ሰላጣውን ከሥሩ ቆርጠው ቅጠሉን አንድ በአንድ ይለያዩ። አፈሩን በሳህን ውሃ አለቅልቀው ይድፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጠል፣ በተለይ አፈር የሚደበቅበትን የታችኛውን ክፍል፣ በሚወርድ ውሃ በጣትዎ ይሹት። የቧንቧ ፈረቃው ካልደረሰዎት ንጹሕ ውሃ በጆግ ያፍስሱ። ጥቅል ጎመን ከሆነ የላይኛውን ሁለት ሦስት ቅጠል ይጣሉ። እኛ ቤት ድሮ ሰላጣ የሚታጠበው ከተከተፈ በኋላ ነበር። ያኔማ ማን አንድ በአንድ ያሸዋል?

ጥያቄ፦ ግን እንቁላሉ ሰላጣው ላይ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ከሰው ዓይነ ምድር። አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ የሚለማ ሰላጣና ጎመን አለ። ወንዙ ደግሞ የየሰፈሩን ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው። የዓለም ጤና ድርጅት ጥሬውን ለሚበላ አትክልት በመስኖ ውሃ ውስጥ የሚፈቅደው በ1 ሊትር ከ1 የማይበልጥ የትል እንቁላል ነው። ገበያ ላይ ሰላጣው ላይ የሚያብረቀርቀውም ጠል አይምሰልዎ፤ ከባልዲ የተረጨ ነው። ባልዲው የት እንደተቀዳ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኮሶስ ከሰላጣ ይይዛል?

መልስ፦ የእኛ አገር ኮሶ የሚመጣው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው። ሰላጣውን ይተዉትና ክትፎውን ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ሰላጣ በበላሁ ማግስት ሆዴን ቆረጠኝ። ሰገራ ተመርምሬ «ምንም የለም» ተባልኩ። ተሳስተው ይሆን?

መልስ፦ ላይሳሳቱ ይችላሉ። ጃርዲያ ብዙውን ጊዜ የሚያሳምመው ከገባ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ነው። የወስፋት እንቁላል ሰገራ ውስጥ እስኪታይም ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል። በማግስቱ የቆረጠዎት ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ደም ወይም ትኩሳት ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያግኙ።

ጥያቄ፦ አልቤንዳዞል በየስድስት ወሩ ብውጥ ከዚህ ሁሉ እጥበት አልገላገልም?

መልስ፦ አይገላገሉም። አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ወስፋትን ያስወጣል፤ ነገ ከሚበሉት ሰላጣ ግን አያድንዎትም። ጃርዲያና አሜባም ሌላ መድኃኒት ነው የሚታዘዝላቸው። እርጉዝ ከሆኑ ደግሞ ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይውጡት።